የጥርኝ ቤቱ እሳት

ብሪስቶል፣ እንግሊዝ አገር
ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ እናቴ ካረፈች ወዲህ አባትም እናትም ሆነው ላሳደጉኝ አጎቴ፣ ለአያ ላቀው፤

ጉናን በደመና የሚሸፍን አምላክ እርስዎን በጤና ይሸፍንልኝ። እታታ በለጠችስ እንዴት ናት? ገብሱ ገባ ወይ? ድንቹን ውርጭ አልመታውም? እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ሰዎቹ «ብርዱን እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል፤ ጉና ሥር ያደግሁ መሆኔን የት ያውቃሉ!

ለትምህርት ብዬ ወጥቼ እዚሁ ከቀረሁ ወዲህ ደስ የሚል ወሬ ብዙም አልጻፍኩልዎትም። ዛሬ ግን አለኝ። የጽዳቱን ሥራ ትቼ በከተማው ትልቅ መደብር ውስጥ የሽቶና የቅባት ሻጭ ሆኛለሁ። ጥቁር ልብስ ይሰጡናል፤ ጥፍራችንን እንቀባለን፤ ጠዋት ጠዋት አለቃችን ፊታችንን እያየች ታሳልፈናለች። እታታ ብታየኝ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥላ ደግሞ ከቅባቱ ትጠይቀኛለች።

የምነግርዎ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃችን አዲስ የመጣ ሽቶ ከፍታ በየእጃችን ላይ ጠብ ጠብ አደረገችና «ምን ምን ይሸታችኋል?» አለችን። አንዷ ጽጌረዳ አለች፤ ሌላዋ ማር አለች። እኔ ደግሞ ሳላስበው «የአጎቴ ጋቢ!» አልኩ። ሁሉም ሳቁብኝ። እውነቴን ግን ነው፤ ከአበባው ሽታ ሥር የጥርኝ ዝባድ አለበት። የዝባድን ሽታ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቀዋል? ለአለቃዬ እርስዎ ጥርኝ በቤት እንደሚያኖሩ፣ ዝባዱንም ለነጋዴ እንደሚሸጡ ብነግራት አላመነችም፤ ስታምን ደግሞ አቀፈችኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። የእርስዎንና የጥርኞቹን ፎቶግራፍ ቢልኩልኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በመደብሩ መስኮት ሽቶው አጠገብ ልታቆመው ትፈልጋለች። የአያ ላቀውን መልክ የእንግሊዝ ሰው ቆሞ ሲያየው ይታይዎ! እኔም ብሆን ልጅ ሳለሁ «የሰው ዓይን አይወዱም» እያሉ ከደጃፉ ስለመለሱኝ፣ የጥርኝ ቤቱን ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ጉልበትዎን ስሜአለሁ።
ልጅዎ ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር
የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙሉሐብት፤

በሄድሽበት ሁሉ የሰው ፊት ይፈታልሽ፤ እንጀራሽ ይባረክ። ሁላችንም አለን። ገብሱ ገብቷል፤ ድንቹን ውርጭ ትንሽ ላሰው እንጂ አልጨረሰውም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ጋቢዬን ለበለጠች አስሸተትኳትና «እውነት ዝባድ ዝባድ ይላል?» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለችኝ።

ፎቶግራፉ እንዳሰብሽው ቀላል አልነበረም። ይህን ሙያ ከጅማ ነጋዴዎች ጋር እየዞርኩ ስማር፣ «ጥርኝ ለባዕድ አይታይም፤ ዓይን ካየው ዝባዱ ይነጥፋል» ብለው ነው ያስተማሩኝ። አንቺ ስለፈለግሽው ግን ፎቶ አንሺውን ፈንታሁንን ከደብረ ታቦር እስከ መንደራችን በበቅሎ አስመጣሁት። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓንጉል ከች አለ።

«አያ ላቀው፣ ይህ ፎቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እንግሊዝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ሽቶ ሊሸጡበት።»

«ፎቶ ይሸታል እንዴ?» ብሎ ብዙ አሰበና «እንግዲያውስ እኔም ልግባበት» አለ። ስለዚህ በስተቀኝ ቆብ አድርጎ የቆመው እሱ ነው። በመስኮቱ ሲያቆሙት እሱን እንዳይቆርጡት አደራ ብሎኛል።

ፈንታሁን መብራቱን ብልጭ ሲያደርገው ጥርኞቹ ቤቱን ቀወጡት። አንደኛው አፍንጫውን ከአጣናው ጋር አጋጭቶ ደማ፤ ከዚያ ወዲህ የሰጡትን አይበላም። ይለምደዋል።

በለጠች ደኅና ናት። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነካ አድርጓታል። እዚያ ደረት ላይ ሲቀቡት የሚያሞቅ ቅባት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ካገኘሽ ላኪልን፤ ካጣሽም አትቸገሪ።

አጎትሽ ላቀው


ብሪስቶል
ሐምሌ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ ላቀው፤

ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልዎ፤ መብረቁን ከደጅዎ፣ በረዶውን ከማሳዎ ያርቅልዎ። እታታ ከጉንፋኗ ዳነች?

የዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም። ፎቶግራፎቹ ከደረሱኝ ቆይተዋል። ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ፖስታው የደረሰኝ ወደ ሥራ ስወጣ ስለነበር ይዤው ሄድኩና ሩት ከምትባል ባልደረባዬ ጋር ከፈትነው። መጀመሪያ ያየሁት እርስዎን ነው፤ ሸብተዋል፤ አለቀስኩ። አቶ ጓንጉልንም አየኋቸው፤ ሳቅሁ። ከዚያ ከእርስዎ ጎን፣ ከአጣና የተሠራ ረጅምና ጠባብ ነገር አየሁ። በውስጡ አንድ ጥርኝ አፍንጫው ደምቶ በቁመቱ ልክ ገብቶ ተጋድሟል። ጎኑ በሁለቱም በኩል አጣናውን ይነካል። ሩት ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችውና «ወደ ኋላ መዞር ሲፈልግ እንዴት ያደርጋል?» አለችኝ። አጎቴ፣ መዞር አይችልም እንዴ?

ለአለቃዬ «ፎቶው መንገድ ላይ ጠፋ» አልኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሩት ሌላም ነገር ነገረችኝ። እኔ ስሸጠው የከረምኩት የጠጉር ሳሙና፣ የከንፈር ቀለም፣ የፊት ቅባት፣ አብዛኛው ሰው ሳይነካው በፊት የጥንቸል ዓይን ውስጥ ይጨመራል። ጥንቸሏን አንገቷን በሣጥን ቀዳዳ አስገብተው ይይዟታል፤ በእግሯ እንኳ እንዳትጠርገው ነው። ከዚያ ዓይኗ ይቀላ እንደሆነ፣ ይጠፋ እንደሆነ እየቆዩ ያያሉ። አላመንኳትም። የጥንቸሏን ፎቶ አመጣችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ከመስተዋቴ ሥር የደረደርኩትን ሁሉ በከረጢት ከተትኩት። ደስ ብሎኝ የገዛሁት ነበር፤ አንዳንዱ ገና አልተከፈተም። ሩት በጎን መንገድ ያለች አንዲት ትንሽ ሱቅ አሳየችኝ። በእንስሳ ላይ ያልተሞከረ፣ ከእንስሳም ያልተወሰደ ሳሙናና ቅባት ብቻ ነው የምትሸጠው። የመጀመሪያው ሳሙና ጠጉሬን የገብስ ገለባ አስመሰለው። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ እሱ ተስማማኝ። አሁን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ማንም ያልተጎዳበት ነው ብዬ ሳስብ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ ቀለል ይለኛል። የእታታ የደረት ቅባትም የቆየው በዚህ ነው፤ ማንም እንስሳ ያልተነካበትን ስፈልግ ነበር። ይኸው አግኝቼ ልኬዋለሁ። ከባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የተሠራው።

አያ ላቀው፣ እንዳይቆጡኝ። ያደግሁት በዝባዱ እንደሆነ አልረሳሁም። ግን ቢተዉትስ? መጠየቄ ብቻ ነው።

የምትወድዎ ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር
ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሙሉሐብት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ገናን አሳልፈናል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ብዙ ጊዜው ነው። ሥራ በዝቶብኝ ሳልመልስ ቀረሁ ብል ውሸት ይሆናል። ተናድጄ ነው።

ደብተርሽም፣ ጫማሽም፣ ደብረ ታቦር ስትማሪ ያደርሽበት ቤትም ከእነዚያ ጥርኞች ነው የወጣው። ይህን የምልሽ ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም። ግን የዝባዱ ገዢ ማን ሆነና ነው? ነጋዴው ማሩ ከእኔ ገዝቶ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ እናንተ ይሻገራል። ፈረንጅ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ተቀብቶ፣ አሁን ለጥርኙ አዘነ? ስለ ጥንቸሏ የጻፍሽው ደግሞ ገርሞኛል። እኛ ጥንቸል ርኩስ ነው ብለን አንበላም፤ ዓይኗ ውስጥ ሳሙና ግን ጨምረን አናውቅም።

አገራችን ሙሉ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳለ ባሕር ዛፍ ከእንግሊዝ መላክሽ በለጠችን አሳቃት። ስትስቅ ሳሉ ያዛት። ከያዛት ደግሞ ቶሎ አይለቃትም።

ለጥርኙ አለቀስሽ። መልካም። እሳቱን ማን እንደሚያነድ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ጥርኝ ካልሞቀው ዝባድ አይሰጥም። የእኛን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ በጅማ ለጥቂት ሰዓት የሚነደው እዚህ ቀኑን ሙሉ መንደድ አለበት። እኔ እርሻ ስውል፣ በዚያ መስኮት በሌለው ቤት ገብታ ግንዱን የምትቆሰቁሰው፣ ለእንስሳቱ ገንፎና ሥጋ የምታቀርበው በለጠች ናት። ጉንፋን ያልኩሽ ጉንፋን አይደለም። ካምና ጀምሮ ትስላለች። ከስታለች። ውኃ መቅዳት ከተወች ቆየች።

ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። ቀድጄ ሌላ እንዳልጽፍ ወረቀት እዚህ እንደልብ አይገኝም። እንደወጣ ይሂድ።

ላቀው


ብሪስቶል
የካቲት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

አያ ላቀው፣ አጎቴ፤

ሰላምታው ይቅርና ልጻፍ። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ ነው የምመልሰው።

ልክ ነዎት። አልጠየቅሁም። ልጅ ሳለሁ እታታ ከዚያ ቤት ስትወጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር፤ ሽንኩርት ስትከትፍ የቆየች ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ከስታለች ያሉትን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። የፈራሁት በሽታ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ስሙን አልጠራውም። ስለ ጥርኞቹ ሁለተኛ አልጽፍልዎትም፤ የፈለጉትን ያድርጉ። እታታን ብቻ ከዚያ ቤት ያውጡልኝ።

እኔም የደበቅሁዎት አለ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ። ከመደብሩ ወጥቻለሁ። አለቃዬ ፎቶው እንዳልጠፋ ደርሳበት «ለምን ዋሸሽኝ?» አለችኝ። አውጥቼ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝና «ይህን ለማንም እንዳታሳዪ» አለች። «እንግዲያው ሽቶውን እኔ አልሸጥም» አልኩ። «ሁሉንም ነው ወይስ ይህን ብቻ?» አለችኝ። «የትኛው ምን እንዳለበት እስካውቅ ድረስ ሁሉንም» አልኳት። የመደብሩ ሥራዬ በዚያው አበቃ። አሁን ወደ ጽዳቱ ተመልሻለሁ። አይዘኑልኝ፤ ጉልበት አለኝ።

እባክዎ በቶሎ ይጻፉልኝ።

ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር
ሰኔ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉሐብት፤

የአባቶችሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ደጅሽን ደስታ አይጣው። ይህ ደብዳቤ ረጅም ነውና ተቀምጠሽ አንብቢው። አስቀድሜ ግን ልብሽን ላሳርፍ፤ በለጠች ድናለች።

ደብዳቤሽን ለእሷ እያነበብኩላት ሐኪም ቤት ከሚለው ስደርስ «አልሄድም፤ ስሙን ሊነግሩኝ ነው» አለች። አንቺ የፈራሽውን እሷም ፈርታው ኖራለች። እኔም እንደዚያው። ሦስታችን አንድ ነገር ፈርተን ለየብቻችን ዝም ብለን ነበር የከረምነው።

በማግሥቱ ብትወድም ባትወድም በበቅሎ ጭኜ ደብረ ታቦር አደረስኳት። አክታዋን መረመሩ፤ ደረቷን ራጅ አነሡ። ውጤቱን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። በመጨረሻ አልማዝ የምትባል ነርስ ወጣች፤ የሐረር ልጅ ናት፣ አነጋገሯ ፈጠን ይላል።

«እማማ፣ ነቀርሳ አይደለም» አለቻት።

በለጠች ግራ ገባት። «ምኑ?»

«የሳንባ ነቀርሳ የለብዎትም። የጭስ ነው። ምን ሲያነዱ ነው የሚውሉት?»

በለጠች ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ነርሷ መድኃኒት ሰጠችንና «ከጭሱ ከወጡ ይድናሉ፤ ካልወጡ ግን ይህ ደረት ብዙ አይሄድም» አለችን። በለጠች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አልሰማችም። በመንገድ ሁሉ በቅሎው ላይ ሆና «አይደለም! አይደለም!» እያለች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ቤት ስንገባ «ከዛሬ ጀምሮ እሳቱን የማነደው እኔ ነኝ» አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ፤ እስከዚያ ድረስ የጥርኝ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬበት አላውቅም። የምገባው ዝባዱን በቀንድ ማንኪያ ለመፋቅ ነበር፤ ፍቄ እወጣለሁ። አሁን ግን ጠዋት ገብቼ ማታ መውጣት ሆነ። ዓይኔ አበጠ፤ ጉሮሮዬ ተላጠ። በለጠች ይህን ስንት ዓመት ቻለችው እያልኩ አስብ ጀመር። ካሰብኩ ደግሞ እንስሳቱን ማየት መጣ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲወዘውዝ ይውላል። ሌላው የገዛ ጅራቱን አኝኮ ጠጉር አሳጥቶታል። ስፍቃቸው የሚጮኹትን ጩኸት ድሮም አውቀዋለሁ። ዝም ሲሉ ምን እንደሚመስሉ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። መዞር አይችልም እንዴ ብለሽ የጠየቅሽኝን ያኔ አልመለስኩልሽም። አይችልም። ዞሮ እንዳይነክስ ብለን ነው አጥብበን የምንሠራው።

ማሩ እንደ ልማዱ ሊገዛ መጣ። ዝባዱ የሚጠራቀምበትን ቀንድ አንሥቶ ነቀነቀና «ይህ ምንድን ነው? ግማሽ እንኳ አልሞላም» አለ። እኔ እንደ በለጠች አድርጌ እሳቱን ማመጣጠን አላወቅሁበትም፤ አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይከስማል። ነገሩን ብነግረው «ሴትዮዋን መልሳት እንጂ፤ እጇን ለምደውታል» አለኝ።

በለጠች ከደጅ ሆና ትሰማ ኖሯል። ገባች። ለማሩ አልተናገረችም፤ ለእኔ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «እኔ ብታመም በበቅሎ ጭነህ አወጣኸኝ። እነዚህንስ ማን ያውጣቸው?»

ማሩ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለዓመታት ሰው እንዲናገርልኝ ስጠብቀው የነበረ ነገር የተነገረልኝ መሰለኝ። ለማሩ «ቀንዱን እንዳለ ውሰደው፤ የመጨረሻው ነው» አልኩት። «አብደሃል?» አለኝ። «ምናልባት» አልኩት።

ጥርኞቹን ድሮ ያስጠመድኳቸው ከአንበሳሜ ቁልቁል፣ ከጉማራ ወንዝ ዳር ካለው ጥሻ ነበርና ወደዚያው ልመልሳቸው ቆረጥሁ። ለመንገዱ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ስለነበር ጓንጉል ዘንድ ሄድኩ። እየጻፈ መጥቶ የጉዞው ምክንያት ከሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ ቀረ። «ምን ልበል?» አለኝ። «ጥርኝ ሊለቅ ሄደ በል» አልኩት። «ይህንማ ብጽፍ እኔን ነው የሚያስሩኝ» ብሎ «ለዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈ።

በለጠች ካልሄድኩ አለች። ጥርኞቹን ከነአጣና ጎጆዎቻቸው በበቅሎ ጭነን ከወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና ማሞቅ ጀምራ ነበር። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ጥሻው ውስጥ ጠፋ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያ አፍንጫው የደማው ብቻ በሩ ተከፍቶለት አልወጣ አለ።

«ሂድ እንጂ!» አልኩት።

«አትጥራው» አለች በለጠች፤ «የሚፈራው እኮ አንተን ነው።»

እውነቷን ነበር። ራቅ ብለን ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ብዙ ቆየ። ከዚያ መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ ራሱ፣ በኋላ ሁለመናው ወጣ። ሣሩ ላይ ቆመ። ከዚያ፣ ሙሉሐብት፣ በቆመበት ቦታ ዞረ። አንድ ጊዜ ሙሉውን ዞረ። ደግሞ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጥሻው ገባ። በለጠች እጄን ይዛ ነበር፤ እኔ መያዟን እንኳ ያወቅሁት ስትለቀኝ ነው።

እንግዲህ ኑሮው ጠበብ ብሏል፤ ትንፋሹ ግን ሰፍቷል። የጥርኝ ቤቱን ግድግዳ ነድዬ መስኮት አወጣሁለት፤ የድንች ዘር ማኖሪያ አድርገነዋል። በለጠች ውኃ መቅዳት ጀምራለች፤ ተይ ብላት አልሰማ አለች። ስለ ሥራሽ ሳነብ መጀመሪያ አዝኜ ነበር። አሁን ግን ለሰው ሳወራው ድምፄ ከፍ ይላል።

አጎትሽ ላቀው


ብሪስቶል
ነሐሴ 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ ላቀውና ለእታታ በለጠች፤

የሁለታችሁንም ስም አንድ ላይ ስጽፍ እጄ ደስ አለው። መጪው ዓመት ጎተራችሁን የሚሞላ፣ ከደጃችሁ ሐኪም የማያስፈልግበት ይሁንላችሁ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ስጠብቅ ከፈትኩት። ተቀምጠሽ አንብቢው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ቆሜ ነበር። «በለጠች ድናለች» የሚለውን ሳነብ ተቀመጥኩ፤ መቀመጫ አልነበረም፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። አንዲት ሴትዮ «ክፉ ወሬ ነው?» አለችኝ። «የለም፤ አክስቴ ነቀርሳ የለባትም፤ ጥርኙም ዞረ» አልኳት። ምን እንደመሰልኳት እንጃ፤ መሐረብ ሰጠችኝ።

ሥራ አግኝቻለሁ። ያቺ የነገርኩዎ ትንሽ ሱቅ ባለቤት ከመደብሩ የወጣሁበትን ከሩት ሰምታ አስጠራችኝ። አሁን ሳሙናና ቅባት የምሸጠው እዚያ ነው። ጥቁር ልብስ የለም፤ ጥፍርም አይቀባም። ሰው መጥቶ «ይህ ከምንድን ነው የተሠራው?» ሲለኝ ሳላፍር እመልሳለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? የድሮዋ አለቃዬ። ዙሪያውን አየች፤ አንድ የእጅ ቅባት አነሣች፤ ዓይኔን ሳታይ ከፈለች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ መለስ ብላ «ያንን ፎቶ አልረሳሁትም» አለችኝና ወጣች። እኔም ተከትዬ ወጥቼ ጥርኙ እንደተለቀቀ ነገርኳት። በመንገድ መካከል ቆማ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለእታታ ሳሙናና ቅባት ልኬያለሁ። ምንም ሽታ እንዳይኖረው ብዬ መረጥኩት።

ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር
ጥር 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሙሉሐብት፤

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይልምልምልሽ። በለጠች አጠገቤ ተቀምጣ «እኔ የምልህን ጻፍ» ትለኛለች። እሺ ብያለሁ።

«ሳሙናው ደረሰኝ በላት» ትላለች። «ምንም አይሸትም። ጎረቤታችን ጌጤ ተውሳኝ አሸተተችውና ‹ምኑ ነው ሳሙናው?› አለች። እኔ ግን ወድጄዋለሁ በላት። ቤታችን ዕድሜ ልኩን ሲሸት ኖሯል፤ ምንም የማይሸት ነገር አሁን ገና አገኘሁ። ሽታ ሲያምረኝ ውጭ ወጥቼ አየሩን እስበዋለሁ፤ ሳብ አድርጌ፣ እስከ ታች ድረስ። ባሕር ዛፉ ግን ከእንግዲህ አይምጣ፤ እዚህ አለ። ሌላም ምንም አትላኪ። ጥርሳችን ነጭ ነው፣ ፊታችን ደኅና ነው፤ አንቺ ብቻ በርቺ በላት።»

እኔም የምጨምረው አለኝ። ማሩ ከእኔ ጋር ለጊዜው ተኮራርፎ ነበር፤ አሁን ድንች እየገዛኝ ወደ ሐሙሲት ገበያ ያወርዳል። «ድንች እኮ አይነክስም» ይለኛል። ጓንጉል መልኩ በእንግሊዝ መስኮት ቆሞ እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቀኝ ነበርና በመጨረሻ እውነቱን ነገርኩት፤ «ፎቶውን ያየች ሴት ሽቶውን መሸጥ ትታ ወጣች» አልኩት። በእሱ መልክ የተነሣ መስሎት በጣም አዘነ። እስኪረዳው ድረስ ብዙ ደከምኩ።

አሁን ደግሞ ለምን እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። ጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከውኃው ሲመለስ እኔ ከወንዶቹ ጋር ከፊት ነበርኩ፤ በለጠች ከሴቶቹ ጋር ከኋላ። ካህናቱ አቀበቱ ግርጌ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ሕዝቡም ለአፍታ ዝም አለ። በዚያን ጊዜ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል አንድ እልልታ ተነሣ። ብቻውን ነው የተነሣው። አሁን ይቆማል ስትዪ ይረዝማል፤ አሁን ይሰበራል ስትዪ ይጠራል። በራሳችን ላይ አልፎ ማዶ ያለውን ገደል መትቶ ተመለሰ። ካህናቱ እንኳ ዞር ብለው አዩ።

አጠገቤ የቆመው ጎረቤታችን ዘውዱ በክርኑ ነካ አደረገኝና «ይህች የማን ኮረዳ ናት?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩት።

አጎትሽ ላቀው